ስልኩን በየትኛው ጆሮዬ ነበር የምይዘው?

ጆሮውን የሚያመው ሰው ሌሊቱን ሲያቃስት ስለሚያድር ቤተሰቡም ጎረቤቱም ያውቅለታል። ሳያም ቀስ ብሎ መስማት የሚያቆም ጆሮ ግን ባለቤቱን ራሱን ያታልላል። እኔን ያታለለኝ እንዲህ ያለው ነው። በአንድ በኩል ብቻ መስማት የቀነሰ፣ ወይም አንድ ጆሮው ያለ ምክንያት ጭው የሚልበት ሰው ይህን ካነበበ፣ እኔ ካባከንኩት ጊዜ ጥቂቱ እንኳ ይተርፈው ይሆናል ብዬ ነው የምጽፈው።

ስሜ ተመስገን ነው። ዲላ መናኸሪያ ውስጥ የስምሪት ሠራተኛ ነኝ። የትኛው መኪና ወደ የት እንደሚወጣ የምወስነው፣ ታርጋውን መዝግቤ መውጫ የምሰጠው እኔ ነኝ። ይርጋጨፌ ተሳፋሪ ተትረፍርፏል ሲሉኝ መኪና እልካለሁ፤ ወደ ገደብ የወጣው መኪና መንገድ ላይ ተበላሽቷል ሲሉኝ ሌላ እፈልጋለሁ። ይህ ሁሉ በስልክ ነው። ስልኬ ጎህ ሳይቀድ ይጀምርና ማታ ባትሪው ሲሞት ነው ዝም የሚለው። ከተፈጥሮዬም ቁጭ ማለት የማልወድ ሰው ነኝ። ባለቤቴ አስቴር «አንተ ቆመህ ነው የተወለድከው» ትለኛለች።

ነገሩ የጀመረው በቡና ለቀማ ወቅት ነው። ያን ጊዜ ለቃሚውም ነጋዴውም የማጠቢያ ጣቢያ ሠራተኛውም ስለሚንቀሳቀስ መናኸሪያው መፈናፈኛ የለውም። ገደብ ያለው ባልደረባችን ደወለልኝ። ግራ እጄ የሻይ ብርጭቆ ይዟል፤ ስልኩን ቀኝ ጆሮዬ ላይ ለጠፍኩት። ድምፁ ይሰማኛል፤ ቃሉ ግን አይለይልኝም። ሰውዬው አፉን በጋቢ ሸፍኖ የሚያወራ ይመስላል።

«ኔትወርኩ ነው፤ ድገምልኝ» አልኩት።

ደገመልኝ። አሁንም አልገባኝም። ብርጭቆውን አስቀምጬ ስልኩን ወደ ግራ ሳዞረው ጥርት ብሎ መጣ፤ እየተሳደበ ነበር። ሳቅኩና ረሳሁት።

ከዚያ በኋላ ጭው የሚለው ነገር መጣ። ቀጭን ነው፤ አያቋርጥም፤ ከሩቅ እንደሚሰማ የወፍጮ ቤት ሞተር ነው። ቀን በመናኸሪያው ጫጫታ ውስጥ ይጠፋል፤ ማታ ቤቱ ጸጥ ሲል ይነሣብኛል። ትራሴን አገላብጣለሁ፣ ተነሥቼ ሳሎን ውስጥ እንጎራደዳለሁ፣ ሬዲዮ በቀስታ እከፍታለሁ። አስቴር አስተማሪ ናት፤ ጠዋት ክፍል ትገባለች። «ተሜ፣ እባክህ ወይ ተኛ ወይ አስተኛን» ትለኛለች። ቆይቶ ደግሞ ስራመድ ወደ ቀኝ ማዘንበል ጀመርኩ። ጠጥቶ ነው ያሉም አልጠፉም፤ በእኔ ቤት ደጃፍ መጠጥ አልፎ አያውቅም።

መጀመሪያ የሄድኩበት ክሊኒክ ጆሮዬን በባትሪ አይተው ኢንፌክሽን ነው አሉኝና ጠብታና የሚዋጥ መድኃኒት ሰጡኝ። ጨረስኩት፤ ለውጥ የለም። ሌላ ክሊኒክ፣ ያዞረኛል ስላልኳቸው ደሜን መርምረው ታይፎይድ አገኙብኝ። የታይፎይዱንም ዋጥኩ። ሦስተኛው ቦታ የነበሩት ባለሙያ የሥራ ጭንቀት ነው ብለው የቫይታሚን መርፌ አዘዙልኝ። ጎረቤታችን ጤና አዳም በዘይት አሙቃ አመጣችልኝ። አስቴር አመስግና ተቀበለችና መደርደሪያ ላይ አስቀመጠችው፤ እኔ ተደብቄ አንጠባጠብኩት።

በየመጠበቂያው አግዳሚ ላይ ስቀመጥ ነርሷ ከቀኝ በኩል ስሜን ከጠራች አልሰማትም ነበር። አንድ ቀን ከጎኔ የተቀመጠች እናት በክርኗ ነካ አድርጋ «ወንድሜ፣ ተመስገን አንተ ከሆንክ እየጠሩህ ነው» አለችኝ። ውስጥ ገብቼ የተናገርኩት ግን ስለ ማዞሩ ብቻ ነው። የሚያስፈራኝ እሱ ነበር፤ ጆሮውን እንደ ሕመም አልቆጠርኩትም። ሐኪም የሚመረምረው የነገሩትን ነው።

ስልክን የጠረጠርኩት በሸምሱ ምክንያት ነው። ሸምሱ የይርጋጨፌ መስመር ሹፌር ነው። አባቱ ከጉራጌ አገር መጥተው ዲላ ሱቅ የከፈቱ፣ እሱ ግን ከሱቁ ይልቅ መሪውን የመረጠ፣ የልብ ጓደኛዬ ነው። ምሳ ሰዓት ላይ ስልኩን አውጥቶ ቪዲዮ አሳየኝ። አንድ ሰውዬ እንቁላል በሁለት ስልኮች መካከል ያስቀምጥና አንዱን ወደ ሌላው ይደውላል። ትንሽ ቆይቶ ሲሰብረው እንቁላሉ በስሏል።

«አየህ?» አለኝ። «እንቁላሉን እንዲህ ያደረገ ያንተን ጭንቅላት ምን ያደርገዋል? ቀኑን ሙሉ ጆሮህ ላይ ነው እኮ።»

ያን ቀን ሥራ እንዴት እንደዋልኩ አላውቅም። ቤት ገብቼ ስለ ስልክ ጨረር ማንበብ ጀመርኩ፤ የማነበውም በዚያው በስልኬ ነበር። አንዱ የአንጎል ካንሰር ያመጣል ይላል። ሌላው ምንም አያመጣም ይላል። አንዱ አይጦች ላይ ታይቷል ይላል፤ ሌላው የአይጦቹ ሌላ፣ የሰው ሌላ ይላል። የሚያረጋጋኝን ጽሑፍ ሳገኝ በድርጅቶች ገንዘብ የተጻፈ ነው ብዬ እተወዋለሁ። የሚያስፈራኝን ሳገኝ ግን ማን እንደጻፈው እንኳ አልጠይቅም።

ልጄ ሕይወት እዚሁ ከተማችን ዩኒቨርሲቲ የሕብረተሰብ ጤና ተማሪ ናት። የእንቁላሉን ቪዲዮ አሳየኋት።

«አባዬ፣ ቪዲዮ ቆርጦ መቀጠል ቀላል ነው» አለችኝ። «ለምን ራሳችን አንሞክረውም?»

እሑድ ከሰዓት የራሷንና የእናቷን ስልክ ጠረጴዛ ላይ አቁማ፣ እንቁላል በመካከላቸው አስቀምጣ፣ አንዱን ወደ ሌላው ደወለች። ሦስታችን ቁጭ ብለን እንቁላል ስንጠብቅ ቆየን። አስቴር ሳቋን መቆጣጠር ሲያቅታት ወደ ጓሮ ወጣች። በመጨረሻ ሕይወት እንቁላሉን ሰሃን ላይ ሰበረችው። ጥሬ ነው። ሙቀት እንኳ የለውም።

«አሁንስ?» አለችኝ።

«እንቁላል ነርቭ የለውም» አልኳት።

ከዚያን ዕለት ጀምሮ ቤቴን አመስኩት። ስልክ ሁሉ ማታ ማታ ማድ ቤት እንዲያድር አዘዝኩ። ኮረብታው ላይ ያለው የኔትወርክ ማማ ከመኝታ ቤታችን መስኮት ስለሚታይ አልጋውን ወደ ሌላኛው ክፍል ወሰድኩት። እዚያም እንቅልፍ ስላልወሰደኝ መለስኩት፤ እንደገና ወሰድኩት። ሕይወት የምታነበው ሁሉ ስልኳ ላይ ነበርና ፈተና ሲደርስ ጓደኛዋ ዘንድ ማደር ጀመረች። ቤታችን ውስጥ ሰው ቀስ ብሎ ማውራት፣ እኔን አይቶ ስልክ ከጠረጴዛ ላይ ማንሣት ለመደ። ሥራ ቦታም ስልኬን አብራኝ ለምትሠራው ለወርቅነሽ አስረከብኳት።

«ተሜ፣ ይኼ እኮ ሥራህ ነው» አለችኝ።

«የእኔ ጭንቅላት ተነክቷል፤ ያንቺ ደህና ነው።»

«የእኔንም ልታስነካው ነዋ» አለችና ተቀበለችኝ።

አንድ ጠዋት ሚኒባስ ወደ ኋላ ሲመጣ ጥሩንባ ነፋ። ሰምቼዋለሁ። ነገር ግን በአንድ ጆሮ ብቻ የሚሰማ ሰው ድምፅ ከየት እንደመጣ አይለይም፤ ሁሉም ነገር በሚሰማው ጆሮ በኩል የመጣ ይመስለዋል። ከግራ ነው ብዬ ወደ ቀኝ ሸሸሁ። የሸሸሁት ወደ መኪናው ነበር። ጎኔን መትቶ ጣለኝ። ሸምሱ ከራሱ መኪና ዘሎ ወርዶ አነሣኝና በባጃጅ ሐኪም ቤት ወሰደኝ።

አጥንቴ አልተነካም። ተረኛው ሐኪም ግን «ጥሩንባውን ሳይሰሙ ነው?» ብሎ ጠየቀኝ። ሰምቻለሁ፣ ግን ከየት እንደመጣ አልለየሁም አልኩት። ሹካ የመሰለ፣ ሲመቱት የሚነዝር ብረት አምጥቶ በየጆሮዬ አስጠጋው። በግራ ይሰማኛል፤ በቀኝ የለም ማለት ይቻላል።

«በሁለቱም ቢሆን ብዙም አልጨነቅም ነበር» አለ። «በአንድ በኩል ብቻ ሲሆን ዝም ተብሎ አይታለፍም። ሐዋሳ ሄደው ኤምአርአይ ይነሡ፤ የጭንቅላት ምስል ነው።»

«ጨረር ነው?» አልኩት።

ከደጅ የሰው ብዛት ነበር። «አይጎዳዎትም፣ አይፍሩ» ብሎ ማዘዣውን ሰጠኝና ቀጣዩ ተጠራ።

እኔ የሰማሁት ‹የጭንቅላት ምስል› የሚለውን ብቻ ነው። ስልክ ያቃጠለውን ጭንቅላት ደግሞ በማሽን ላስመታው ነው? ማዘዣውን አጥፌ ኪሴ ውስጥ ከተትኩ። አስቴር ስትጠይቀኝ ቀጠሮው አልደረሰም እላለሁ። ለቀማው አለቀ፣ ዝናቡ ገባ፣ እኔ ከክፍል ክፍል አልጋ አመላልሳለሁ። ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ የሚያደርገኝ ከሁሉ በላይ ይህ ጊዜ ነው። ስልኩ ይጉዳኝ አይጉዳኝ ገና አላወቅኩም ነበር፤ ፍርሃቱ ግን ያን ሁሉ ጊዜ ሲጎዳኝ ነበር። ውስጤ ያለው ሕመም ደግሞ እኔን አልጠበቀም።

አንድ ጠዋት ጢሜን ስላጭ ቀኝ ጉንጬ ላይ ደም ሲወርድ በመስታወት አየሁ። ምላጩ ቆርጦኛል፤ እኔ አልተሰማኝም። ጉንጬን ቆነጠጥኩት። የሌላ ሰው ጉንጭ ነው። አስቴር በሩ ላይ ቆማ ታየኝ ነበር።

«ማዘዣው የት አለ?» አለች።

አወጣሁላት። ከመታጠፉ ብዛት ሊቀደድ ደርሷል። አልጮኸችም፤ ብትጮህ ይሻለኝ ነበር።

«ስልኩን ማድ ቤት አሳደርን። አልጋውን አዞርን። ልጃችን ከቤት ወጣች። አንድም ነገር ተሻለህ?»

«አልተሻለኝም።»

«እንግዲያው ተራው የእኔ ነው። ነገ ሐዋሳ እንሄዳለን።»

ሸምሱ ተራውን ለሌላ ለቆ ራሱ ነድቶ አደረሰን። ሕይወትም ትምህርቷን ትታ መጣች። የተቀበለችን የጆሮ፣ የአፍንጫና የጉሮሮ ሐኪም ወጣት ሴት ናት። ማሽኑ ውስጥ ከመግባቴ በፊት ያንኑ ጥያቄዬን ደገምኩ።

«ኤምአርአይ እንደ ራጅ አይደለም» አለችኝ። «ትልቅ ማግኔትና የሬዲዮ ሞገድ ነው።»

«የሬዲዮ ሞገድ ማለት ስልኩ የሚጠቀምበት?»

«አዎ፤ አንድ ወገን ናቸው። አልዋሽዎትም። የራጅ ጨረር የሰውነትን ሴል ውስጡን ሊሰብር የሚችል ኃይል አለው፤ ለዚህ ነው ራጅ በልክ የምናዘው። የሬዲዮ ሞገድ ያ ኃይል የለውም። ቢበዛ ጥቂት ያሞቃል። እርስዎ ደግሞ ፊትዎ መደንዘዝ ጀምሯል። ምስሉን ካላየሁ ግን ልረዳዎት አልችልም።»

እንደ አስቴር ዓይኔን እያየች ስለተናገረች ገባሁ። ውስጡ ጠባብ ነው፤ ይንኳኳል፣ ይጮሃል፣ ቆርቆሮ ቤት ላይ በረዶ የሚወርድ ይመስላል። ሕይወት ብረት ነክ ነገሯን ሁሉ አውልቃ ከእግሬ ሥር እንድትቆም ፈቀዱላት። እስኪያልቅ ድረስ ቁርጭምጭሚቴን ይዛ ቆመች። ልነሣ ስል ጠበቅ ታደርገኛለች።

ውጤቱ ሲመጣ ሐኪሟ ምስሉን ወደ እኛ አዞረችው። ከጆሮዬ ጀርባ፣ ወደ ውስጥ፣ ነጭ ክብ ነገር አለ።

«ለመስማትና ለሚዛን የሚያገለግለው ነርቭ ላይ የበቀለ ዕጢ ነው» አለችን። «ካንሰር አይደለም፤ ወደ ሌላ ቦታም አይሰራጭም። ቀስ ብሎ፣ በዓመታት ነው የሚያድገው። አሁን ግን ቦታ ጠቦት የአንጎልን ግንድ መግፋት ጀምሯል። በቀዶ ሕክምና መውጣት አለበት።»

አስቴር እጄን ያዘች። እኔ የጠየቅኩት ሌላ ነው።

«ስልክ ነው ያመጣብኝ?»

አልሳቀችብኝም። «የሞኝ ጥያቄ አይደለም» አለች። «ተመራማሪዎች ለረጅም ዘመን የጠየቁት ይህንኑ ነው፤ በተለይ ስለዚህ ዕጢ፣ ስልክ ከሚለጠፍበት ቦታ አጠገብ ስለሚወጣ። ለመሆኑ ስልክዎን በየትኛው ጆሮዎ ነበር የሚይዙት?»

«በቀኝ» አልኩ ሳላመነታ።

«በግራ» አለች አስቴር፤ እሷም ሳታመነታ።

ሐኪሟ ብዕሯን አስቀመጠች።

«በቀኝህ ታርጋ እየጻፍክ ስልክ በቀኝህ ትይዛለህ?» አለችኝ አስቴር።

«አንቺ መናኸሪያ ውለሽ ታውቂያለሽ?»

«ቤትስ? ራት ላይ ስልክህ ሲጠራ ቀኝ እጅህ ወጥ ነክቷል። በግራህ ነው የምታነሣው። በዚያ በኩል የምቀመጠው እኔ ነኝ፤ ክርንህ ሁልጊዜ ይነካኛል።»

«አያችሁ፣ ምርምሩን የሚያስቸግረው ይኼ ነው» አለች ሐኪሟ። «መጀመሪያ የተሠሩት ብዙዎቹ ጥናቶች ዕጢ የወጣባቸውን ሰዎችና ጤነኞችን ሰብስበው፣ ስልክ ምን ያህል ትጠቀሙ ነበር፣ በየትኛው ጆሮ ብለው የሚጠይቁ ነበሩ። የታመመ ሰው ግን ምክንያት ሲፈልግ ያድራል። ዕጢው በቀኝ ከሆነ በቀኝ እይዝ ነበር ይላል፤ ዋሽቶ ሳይሆን እንደዚያ ስለሚያስታውስ ነው። በተቃራኒው ደግሞ ጆሮው ቀድሞ የደከመ ሰው፣ ሳይታወቀው ስልኩን ወደ ደህናው ጆሮ ያዞራል። ስለዚህ በትዝታ ላይ ብቻ መተማመን አይቻልም። በኋላ ብዙ ሕዝብ ሳይታመም ጀምረው ለዓመታት እየተከታተሉ ያዩ አሉ። ስልክ በዓለም ሲበዛ ዕጢውም አብሮ በዝቶ እንደሆነ የመረመሩም አሉ።»

«ምን አገኙ?»

«አብዛኛው ማስረጃ ስልክ ይህን ዕጢ ያመጣል አይልም። እጅግ አብዝተው በሚጠቀሙ ሰዎች ላይ ፍንጭ አየን ያሉ ነበሩ፤ ሌሎች ሲፈልጉት አላገኙትም። ባለሙያዎቹ ‹ምናልባት› የሚል ክፍል ውስጥ አስቀምጠውት መመርመራቸውን ቀጥለዋል። ስለዚህ ስልክ ነው ብዬ አልነግርዎትም። ለወደፊቱም ምንም አይገኝም ብዬ አልምልልዎትም። ዕጢው ግን እነሆ አለ። እሱን እናስወጣው።»

ወደ ዲላ ስንመለስ ጥያቄው አላስቀምጥ አለኝ። በማግሥቱ ወርቅነሽን ጠየቅኳት። «በግራ ትከሻህ ላይ ጣል አድርገህ ነው የምትጽፈው፤ አንገትህ የተጣመመው በምን ሆነና» አለችኝ። ሸምሱን ጠየቅኩት። «በቀኝ ነዋ፣ በዓይኔ አይቻለሁ» አለ። ያን ጊዜ ከገደብ የተደወለልኝ ስልክ ትዝ አለኝ። የዚያን ዕለት ስልኩን በቀኝ የያዝኩት ግራ እጄ ላይ ሻይ ስለነበር ነው። ሻዩ ባይኖር በግራ አነሣው ነበር፤ ጆሮዬ መድከሙንም አላውቅም ነበር። በቀኝ የሚለው ትዝታዬ ሁሉ ያቺ አንዲት ቀን ትሆን? ቁጭ ብዬ አሰብኩበት፤ ቆሜም አሰብኩበት። እስከ ዛሬ እርግጠኛ አይደለሁም።

ቀዶ ሕክምናው አዲስ አበባ ነበር። ወንድሞቼ፣ ዕድራችን፣ የቤተ ክርስቲያናችን ሰዎችና የመናኸሪያው ሹፌሮች ተረባርበው ላኩኝ። አልጋ እስኪገኝ የአስቴር እህት ቤት ተቀመጥን። መጠበቅ ከሕመሙ ይብሳል። የማላውቀው ሰፈር ውስጥ፣ ግድግዳ ተደግፌ፣ ታክሲ ሲሞላና ሲወጣ እያየሁ የሰው ስምሪት ስተች ነው የከረምኩት።

የተኛሁበት ክፍል ጎረቤት እማማ ወለላ የሚባሉ ከገጠር የመጡ አሮጊት ነበሩ። እሳቸውም ከግራ ጆሯቸው ሥር ያው ዓይነት ዕጢ ወጥቶባቸዋል። ልጃቸው፣ እናቱ በዕድሜያቸው ስልክ ኖሯቸው እንደማያውቅ ነገረኝ። ኔትወርክ እንኳ ቀበሌያቸው በቅርቡ ነው የደረሰው። ደስ አለኝ። ቀዶ ሐኪሙ ሊጎበኘኝ ሲመጣ እንደ ትልቅ ግኝት ነገርኩት።

«በሉ እንግዲህ፣ ስልክን ነጻ አወጣነው» አልኩት።

በዕድሜ የገፋ፣ ድምፁ ዝቅ ያለ ሰው ነው። «እሳቸው ብቻቸውን ማስረጃ አይደሉም» አለኝ። «ስልክ ኖሮ ሳያውቅ በፊትም ይህ ዕጢ ነበር። እርስዎም ብቻዎን ማስረጃ አይደሉም። አንድ ሰው አንድ ሰው ነው።» ከዚያ ሊሆን የሚችለውን ነገረኝ። የቀኝ ጆሮዬ መስማት አይመለስም። ፊቴን የሚያንቀሳቅሰው ነርቭ ከዕጢው ጋር ተጣብቆ ስለሚያልፍ ሊጎዳ ይችላል። ፈረምኩ። አስቴር ጸለየች፤ ሕይወት ግንባሬን ሳመችኝ።

ስነቃ ዓለም ዘንብላለች። የፊቴ ቀኝ ጎን ወርዷል፤ ውሃ ስጠጣ በከንፈሬ ጥግ ይፈሳል፤ ቀኝ ዓይኔ አይከደንም። አስቴር በየጊዜው ጠብታ እያደረገች፣ ማታ ቅባት ቀብታ በፕላስተር ትከድንልኛለች። አንድ ቀን መስታወት ስጡኝ አልኩ። ሕይወት «ትንሽ ቆይ፣ አባዬ» አለችና ፊቷን አዞረች። የፈራሁት ያን ጊዜ ነው፤ ሞትን እንዲያ አልፈራሁም ነበር።

ሚዛኔ እንዲመለስ በኮሪደሩ መራመድ ነበረብኝ። የእሳቸውም ዕጢ ወጥቶ ስለነበር ለእማማ ወለላም ይኸው ታዝዞላቸው ነበር። «የማልሰማው በግራ ነው፤ አንተ በቀኜ ሁን» አሉኝ። እኔም የምሰማው በግራ ነውና ተስማማን። ደህና ጆሮዎቻችንን አጋጥመን፣ ግድግዳ እየዳበስን እንሄዳለን። ስንገዳገድ የሚያዩን ይስቃሉ፤ እሳቸው «ሰርግ ቤት ውለን ነው» ይሏቸዋል።

ዲላ ከተመለስኩ በኋላ ፊቴ ቀስ በቀስ መንቀሳቀስ ጀመረ። መጀመሪያ ዓይኔ ተከደነ፤ ከዚያ ከንፈሬ። አሁንም ስስቅ አንድ ወገን ይቀድማል። ጭው የሚለው ድምፅ አልጠፋም፤ ግን አልጣላውም። ሕይወት ወደ ቤት ተመለሰች፣ ስልኮቹም ከማድ ቤት ተመለሱ። አልጋውን ሸምሱ መጥቶ አብሮኝ አነሣው፤ ስለ እንቁላሉ ያላወራንበት ቀን አልነበረም። ስልክ ሳነሣ በማዳመጫ ነው፤ ብዙ ጊዜም ድምፁን ከፍቼ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠዋለሁ። ሕይወት እንደነገረችኝ ስልኩ ከራስ ትንሽ ሲርቅ የሚደርሰው ሞገድ በብዙ ይቀንሳል፤ ይህን ማድረግ ደግሞ ምንም አያስከፍልም። መጠንቀቅ ያን ያህል ይበቃል። አልጋ ማመላለስ ግን ጥንቃቄ አልነበረም።

ሥራዬ ተመልሼ ከገባሁ በኋላ አንድ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ምስክርነት እንድሰጥ ተጠራሁ። ጌታ ያደረገልኝን ተናገርኩ፤ ስለ ሐኪሞቹም፣ ስለ አስቴርም። ልወርድ ስል አንዲት እናት ከመቀመጫዋ ተነሥታ «ወንድም ተመስገን፣ ያመጣብህ ስልኩ ነው አይደል? ልጆቻችንን እንድንመክርበት ነው» አለችኝ።  ከምእመኑ ብዙዎቹ የእኔን ታሪክ የሚያውቁት በዚያ መልክ ነበር፤ ራሴ ነኝ ያወራሁት።

«አላውቅም» አልኩ። «የሚመረምሩትም እስካሁን ያመጣል የሚያሰኝ ነገር አላገኙም፤ መመርመሩንም አልተዉም። ለልጆቻችሁ ስልክ የምትቀንሱበት ሌላ ብዙ ምክንያት አለ፤ በእኔ ዕጢ አታስፈራሯቸው። እኔ የማውቀው አንድ ጆሮ ብቻ ሲደክም ቶሎ መታየት እንዳለበት ነው።»

ተሰብሳቢው ከዚህ የተሻለ ነገር ጠብቆ ነበር። አሜን ያሉት ጥቂቶች ናቸው።

ከስብሰባው በኋላ ከገደብ ዘመድ ሊጠይቅ የመጣ አንድ ገበሬ በር ላይ ጠበቀኝ። አንድ ጆሮው ከክረምት ጀምሮ እንደተደፈነበት፣ ስልክ ስለገዛ ነው ብለውት ስልኩን ሸጦ እንዳልተሻለው ነገረኝ። ጧት መናኸሪያ እንዲመጣ ነገርኩት። መጣ፤ ይዤው ሐኪም ቤት ሄድኩ፣ አግዳሚው ላይ በሚሰማው ጆሮው በኩል ተቀምጬ ተራውን ጠበቅን። ተረኛዋ ሐኪም አየችው፤ የደረቀ ኩክ ነው አለች። አጥበው አወጡለት። ከሐኪም ቤቱ በር ስንወጣ ቀና ብሎ አያየኝም።

«በኩክ ምክንያት ቀንህን አቃጠልኩብህ» አለኝ አፍሮ።

«ኩክ መሆኑን እስከ ዛሬ አታውቅም ነበር» አልኩትና ወደ ገደብ በሚወጣው መኪና ላይ ፊት ወንበር ሰጠሁት።